ለየዓሣው የሚስማማው ማባበያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአራቱ ወንጌላት ስለ ዓሣ ማጥመድ ብዙ ተጽፏል። መረብ ሲጣል፣ መረብ ሲታጠብ፣ መረብ ሲጠገን፣ መረብ ከብዛት የተነሣ ሊቀደድ ሲደርስ እናነባለን። መንጠቆ ግን የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከቁጥር 24 እስከ 27 ሲሆን፣ መጽሐፋችን «መቃጥን» ይለዋል። ጌታችን በቅፍርናሆም ሳለ የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ወደ ጴጥሮስ ቀርበው ጠየቁ። ጌታም ጴጥሮስን ወደ ባሕር ሄዶ መቃጥን እንዲጥል፣ መጀመሪያ በሚወጣው ዓሣ አፍ ውስጥ እስታቴር እንደሚያገኝና ስለ ሁለቱም እንዲከፍል አዘዘው። ግብሩ ለአንድ ሰው ሁለት ድራክማ፣ እስታቴር ደግሞ አራት ድራክማ ስለ ነበረ ሒሳቡ ለሁለት ሰው ልክ ነው።

ይህን ክፍል በጥናት ጊዜ ስናነብ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ጴጥሮስ በመቃጥኑ ላይ ምን ሰክቶ ነበር? ወንጌሉ አይነግረንም። እንዲያውም ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት ዓሣው ሲያዝ እንኳ አይተርክም፤ ታሪኩ በትእዛዙ ላይ ያበቃል። ጥያቄው ጥቃቅን ነገርን መመርመር ይመስላል፤ ነገር ግን እየተከተልነው ስንሄድ ወደ ጣናም ወደ ጫሞም፣ በመጨረሻም ወደ ራሳችን አገልግሎት አደረሰን። በዚህ ጽሑፍ በመንጠቆ ጫፍ የሚሰካውን ምግብ «ማባበያ» እያልን እንጠራዋለን።

በመጀመሪያ የገሊላን ባሕር እንወቅ። ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛው ጣና ስፋቱ ከእርሱ ከ15 እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያ ሐይቅ ዳር በዐይን ጌቭ መንደር ለብዙ ዓመታት ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሜንደል ኑን የተባለ ሰው ነበረ፤ የተወለደው በ1918 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያረፈው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ሰው የወንጌሉን የዓሣ ታሪኮች በሙያ ዐይን መርምሮ መጽሐፍ ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጽ የሐይቁ ዋና ዋና ዓሦች ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው የእኛ ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለተኛው በአፉ ዳር ጢም ያለው፣ የእኛ ነጭ ዓሣ ዘመድ ነው። ሦስተኛው በገፍ የሚወጣና በጨው ተደርጎ የሚቆይ ትንሽ ዓሣ ነው። ከእነዚህ ሌላ አምባዛ አለ፤ ይህ ዘመድ ሳይሆን የእኛው አምባዛ ራሱ ነው፤ ዝርያው አንድ ነው። ይሁን እንጂ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተቆጥሯል። በማቴዎስ ምዕራፍ 13 መረቡ ከየዓይነቱ ሰብስቦ ከወጣ በኋላ አጥማጆች ዳር ተቀምጠው ክፉውን ሲጥሉ የምናነበው፣ አምባዛን ከመረብ ሲለቅሙ ማየት ለለመደ ሰው እንግዳ ሥዕል አልነበረም።

ዛሬ ወደዚያ የሚሄዱ ተሳላሚዎችና ጎብኚዎች በሐይቁ ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች «የቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ» ተብሎ የሚቀርብላቸው የቆሮሶው ዘመድ ነው። ሜንደል ኑን ግን በዚህ አይስማማም። ምክንያቱም ያ ዓሣ የሚመገበው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን ስለሆነ ማባበያ ተከትሎ አይመጣም፤ የሚያዘው በመረብ ነው። በመንጠቆ የሚያዘው ጢም ያለው ዓሣ ነው፤ ማባበያውም ያ ትንሹ ዓሣ ነው። እንግዲህ የጴጥሮስ ዓሣ የነጭ ዓሣ ዘመድ ነበረ ማለት ነው። ምግብ ቤቶቹ ስሙን ለቆሮሶው የሰጡት አጥንቱ ጥቂት ሥጋው ጣፋጭ ስለሆነና ለገበያ ስለሚመች ነው ባዮች ነን፤ በዚህ አንከሳቸውም።

ከዚህ ላይ ዋናው ነጥብ ግልጽ ይሆናል። ማባበያን የሚመርጠው አጥማጁ አይደለም፤ ዓሣው ነው። አጥማጁ የሚያደርገው ዓሣው ምን እንደሚበላ፣ በየት እንደሚበላ፣ በምን ሰዓት እንደሚበላና በምን ሕዋሱ እንደሚያገኘው ማወቅ ነው። ይህን በአገራችን ውኆች እንመልከት።

ከቆሮሶ እንጀምር። በሐዋሳም በዝዋይም በጣናም ያለ ነው። ገና ጫጩት ሳለ ደቃቅ ነፍሳትን ይበላል፤ ሲያድግ ግን ዋና ምግቡ አረንጓዴው የውኃ አልጌ ይሆናል። አንጀቱም እንደ ሣር በል እንስሳ ረጅም ነው። ስለዚህ በመረብ እንጂ በመንጠቆ መያዙ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የእኛው ቆሮሶ ከገሊላው ዘመዱ ይልቅ ሁሉን ቀማሽ በመሆኑ ፈጽሞ አይያዝም ማለት አይቻልም። አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆው ትንሽ፣ ክሩም ቀጭን መሆን አለበት። ከዱቄት የተለወሰ ሊጥ እንደ አተር ተድቦልቡሎ፣ ወይም የምድር ትል ቁራጭ ይሰካለታል። ጸሐይ ውኃውን ባሞቀች ሰዓት፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይጣላል። አስቀድሞ ጥቂት ፍርፋሪ በቦታው መበተን ይጠቅማል። ቆሮሶ አይውጥም፤ ይቆነጥራል። ችኩል አጥማጅ ሊጡን ብቻ እያስበላ ይመለሳል።

ስለ ቆሮሶ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። እናቲቱ እንቁላሏን የምታሳድገው በአፏ ውስጥ ይዛ ነው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ፣ እህል የሚባል ነገር አትቀምስም። በዚያ ጊዜ ከአፍንጫዋ ፊት የፈለጋችሁትን ማባበያ ብታንጠለጥሉ አፏን አትከፍትም፤ ከከፈተች ልጆቿ ይበተናሉ። አባትየው ደግሞ በዳርቻው አሸዋ ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ ይጠብቃል፤ እርሱ መንጠቆውን ቢነክስ ከረኃብ ይልቅ ደፋሪን ለማባረር ነው። አንድ ዘር ሆነው ሳለ አንዷ በፍቅር ምክንያት አትያዝም፣ ሌላው በቁጣ ምክንያት ይያዛል።

አምባዛ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዐይኑ ትንሽ ሲሆን ብዙም አይመካበትም። በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢሞች አሉት፤ በእነርሱ እየዳሰሰና እየቀመሰ በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ይሄዳል። የጣዕም ሕዋስ በጢሙ ብቻ ሳይሆን በቆዳውም ላይ ስላለ ሰውነቱ በሙሉ ምላስ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለአምባዛ መልክ ያለው ማባበያ ሳይሆን ሽታ ያለው ማባበያ ነው የሚያስፈልገው፤ ጉበት፣ የዶሮ ወይም የዓሣ አንጀት፣ ውሎ ያደረ የዓሣ ቁራጭ። ጉበት ልፍስፍስ ስለሆነ በክር ጠምጥሞ ማሰር ያሻል። መንጠቆው ትልቅና ጠንካራ ሆኖ፣ ክሩ በእርሳስ ወይም በድንጋይ ተከብዶ፣ ከውኃው ወለል ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል። ሰዓቱ ሌሊት ነው። አምባዛ ከጉሮሮው በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው ከውኃ ከወጣ በኋላ ለሰዓታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ያልተጠነቀቀ ሰው ሞቷል ብሎ ሲያነሣው ይደነግጣል። ቅርፊት ስለሌለው ከምእመናን ብዙዎች አይበሉትም፤ ስለዚህም በአንዳንድ ገበያ ዋጋው ዝቅ ይላል። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ የዛሬው ርእሳችን አይደለም፤ ጠያቂዎች መምህራንን ይጠይቁ።)

በጣና «ነጭ ዓሣ» በሚለው በአንድ ስም የሚጠራው በእርግጥ አንድ ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች በሐይቁ ውስጥ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎችን ለይተዋል። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ አንዱ ነፍሳት፣ አንዱ ቀንድ አውጣ፣ አንዱ የውኃ ተክል ይበላል። ጥርስ በመንጋጋው የሌለው የዓሣ ወገን አዳኝ ሆኖ መገኘቱ በዓለም ላይ ብርቅ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ስለዚህ ከሩቅ አገር እየመጡ ያጠኑታል። ለአጥማጁ ግን ትርጉሙ ይህ ነው፦ በምድር ትል አንዱን ይዞ «ነጭ ዓሣ የሚወደው ትል ነው» ያለ ሰው፣ ከታንኳው ሥር የሚያልፈውን ትልቁን አዳኝ ሳያየው ይቀራል። አዳኙ የሚፈልገው ትንሽ ዓሣ ወይም በውኃ ውስጥ እየተብለጨለጨ እንደ ትንሽ ዓሣ የሚወዛወዝ ማንኪያ መሰል ብረት ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁሉ ፍላጎታቸው አንድ አይደለም።

(በዚህ አጋጣሚ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር አዳኝ ዓሣን እንደሚስብ ካወቅን፣ በዓሣ አፍ የብር ሳንቲም መገኘቱ አጥማጅ ለሆነው ለጴጥሮስ የማይታሰብ ነገር አልነበረም። ይህን የምንለው ተአምሩን ለማሳነስ አይደለም። ተአምሩ የትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት ድራክማ ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ መታወቁ ነው።)

ወደ ደቡብ ወርደን ጫሞ ስንደርስ ናይል ፐርች የተባለውን እናገኛለን። ይህ በባሮም አለ፤ በጣና ግን የለም፤ ከዐባይ ወደ ላይ እንዳይወጣ የጢስ ዐባይ ፏፏቴ አግዶታል። ከ100 ኪሎ በላይ የሚደርስ ግዙፍ አዳኝ ነው። የጫሞ አጥማጆች በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አንጠልጥለው፣ በየመንጠቆው ትንሽ ዓሣ ወይም የዓሣ ቁራጭ ሰክተው በውኃ ውስጥ አሳድረው ይሰበስባሉ። ለዚህ ዓሣ ከሁሉ የሚበልጠው ማባበያ በሕይወት ያለ ቆሮሶ ነው። ዓሦች ከራስ እስከ ጅራት በጎናቸው በሚሄድ መስመር የውኃውን እንቅስቃሴ ይሰማሉ፤ የሚንፈራገጥ ቆሮሶ ደግሞ በሩቁ ይሰማል። ጤነኛው ቆሮሶ ሲያመልጥ የታሰረው ይበላል፤ ትልቁም ይያዛል።

በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ የመጣ ነው። ለእርሱ ከላባና ከክር እንደ ዝንብ የተሠራ ነገር በውኃው ላይ ይጣልለታል። በሽታ ሳይሆን በዐይን ስለሚያድን የሚበላ ነገር እንኳ አያስፈልግም፤ የሚበላ መምሰሉ ይበቃል።

ያለ ማባበያ የሚደረግም ማጥመድ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ሁሉ ይደነዝዝና ይንሳፈፋል። ነጭ ዓሣ በክረምት ማለቂያ ለመራባት ከጣና ወደ ገባር ወንዞች ሲወጣ ይህን ማድረግ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ በእንቁላሉ መግደል ነው። ብርብራ ምርጫ የለውም፤ የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም፣ ትልቁንም ትንሹንም ይወስዳል። ድካም አይጠይቅም፣ ዓሣውንም ማወቅ አይጠይቅም። በእኛ አስተያየት ከማጥመድ አይቆጠርም።

መረብም ማባበያ የለውም፤ ነገር ግን መረብ ሌላ ዓይነት እውቀት ይጠይቃል። በጣና ላይ ለብዙ ዘመን የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ኖሮ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ሥራ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። በዚያ ሥራ ከመንግሥትና ከሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ጋር የቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚሽን ተካፋይ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናውቅም። በገሊላ ደግሞ መረቡ ከተልባ እግር ክር ይሠራ ስለ ነበር ቀን ቀን ዓሣው ያየውና ይሸሻል፤ ስለዚህ ሥራው በሌሊት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጴጥሮስ ሌሊቱን ሁሉ ደክመን ምንም አልያዝንም ማለቱና መረቡን ማለዳ ሲያጥቡ መገኘታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በጠራራ ቀን መረብ ጣል መባሉም ለባለሙያ ምን ያህል ከባድ ትእዛዝ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 1 ቁጥር 14 ሰው በራሱ ምኞት እንደሚሳብና እንደሚታለል ያስተምራል። «መታለል» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል ማባበያ ከሚለው ስም የወጣ ነው፤ ቃል በቃል ቢፈታ «በማባበያ መያዝ» ይሆናል። ሐዋርያው የአጥማጆችን ቋንቋ ነው የተጠቀመው። ደግሞም ልብ እንበል፤ የሚስበው የራሱ ምኞት ነው አለ እንጂ መንጠቆው ነው አላለም። ዓሣ መንጠቆን ወዶ አያውቅም።

ጠላት ማባበያ መምረጥ እንደሚያውቅ በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ተጽፏል። አርባ ቀንና ሌሊት ለጾመ ወርቅ አላቀረበም፤ ያቀረበው የእንጀራን ነገር ነው። አባቶቻችን ሦስቱን ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢት፣ ፍቅረ ንዋይ እያሉ ያስተምራሉ፤ ሦስቱም ለየራሳቸው የሚሆን ማባበያ አላቸው። በሁለተኛው ላይ ግን ፈታኙ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ተናገረ። ናይል ፐርችን በቆሮሶ እንደሚይዙት ሁሉ፣ የቃሉን ጌታ ከቃሉ በተቆረሰ ማባበያ ሊይዘው ሞከረ። ስለዚህ ጥቅስ ያለበት ነገር ሁሉ መንጠቆ የለበትም ብሎ ማሰብ አይገባም፤ በስልካችን የሚደርሱን «ይህን ለሃያ ሰው ካላስተላለፍህ» የሚሉ መልእክቶችም ጥቅስ አላቸው።

ከዚህ ይልቅ ልባችንን የሚያሳምመን ሌላ ማባበያ አለ። በየሰፈራችን የሚዞሩ የስደት ደላሎች ከማንኛውም አጥማጅ ይልቅ ዓሣቸውን ያውቃሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላልመጣለት ወጣት «እዚያ ትምህርት ማንም አይጠይቅህም» ይሉታል። አባቷ የታመመባትን እኅት «በሦስት ወር የሕክምናውን ትልኪያለሽ» ይሏታል። ተመርቆ ሥራ ላጣው «ጓደኛህ ጀርመን ገባ» ብለው ፎቶ ያሳዩታል፤ ያ ላባ ዝንብ ነው፣ የሚበላ ነገር የለውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ልክ ደግነት የሚመስለው ነው፤ «አሁን ምንም አትክፈል፣ ደርሰህ ሠርተህ ትከፍላለህ» የሚለው። መንጠቆው እዚህ ላይ ነው። ከመተማ አልፎ በሱዳን ወደ ሊቢያ፣ ወይም በጅቡቲ ተሻግሮ ወደ የመን በሚወስደው መንገድ ላይ ያ ዕዳ ወደ ማገቻ ይለወጣል፤ ስልክ ወደ ቤተሰብ ይደወላል፣ የሚሰማው ድምፅ የልጅ ጩኸት ይሆናል፣ ከብትና ቤት ይሸጣል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው የተሠዉት ወንድሞቻችን መካከል ሥራ ፍለጋ በዚያ በረሃ የተጓዙ ነበሩ። ሰማዕትነታቸውን እናከብራለን፤ መንገዱን የሸጡላቸውን ግን አናከብርም።

እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ሲሄዱ ሞኞች ናቸው የሚል ንግግር በመካከላችን እንሰማለን። ይህ ንግግር ስሕተት ነው። ያቺ እናት ቆሮሶ የማትያዘው ብልህ ስለሆነች ሳይሆን አፏ ሙሉ ስለሆነ ነው። ባዶ አፍ ያለውን ሰው «ለምን ከፈትህ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው።

እንግዲህ እኛስ? ጌታ ጴጥሮስን ሰውን አጥማጅ እንደሚያደርገው ተናግሮታል። ባለፈው ጊዜ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከመካከላችን የጠፉትን አባላት ለመመለስ ምን እናድርግ በሚለው ላይ ክርክር ነበር። አንዳንዶች ሻይና ዳቦ ይዘጋጅ፣ ጉዞ ይደረግ፣ ሽልማት ይሰጥ አሉ። ሌሎች ይህ ማባበያ ነው፣ ቃሉ ራሱ ይበቃል አሉ። ሁለቱም ወገን መልካም አሳቢ ነው፤ እኛ ግን ክርክሩ ትክክለኛውን ቦታ አልያዘም ባዮች ነን።

በሉቃስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 10 ለጴጥሮስ በተነገረው ቃል ውስጥ «ማጥመድ» የተባለው በግሪኩ «በሕይወት መያዝ» ማለት ነው። ዓሣ ከውኃ የሚወጣው ለሞት ነው፤ እዚህ የተባለው የተገላቢጦሹ ነው። ዓሣ አጥማጆች የነበሩት ሐዋርያትም የተጠሩት ከመረብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 2 ምክሩ ከማታለል እንዳልሆነ፣ በማቆላመጥም እንዳልመጣ ይመሰክራል። ይኸው ሐዋርያ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 9 ከሁሉ ጋር እንደ ሁሉ እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ ሰውን እንደየመልኩ ማወቅ ተፈቅዷል፤ መንጠቆ መደበቅ አልተፈቀደም።

የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ሥጋዌ ሲያስተምር ከዚህ ጋር የሚገናኝ ምሳሌ ሰጥቷል። መለኮት በሥጋ ተሰውሮ ሳለ ሞት እንደ ዓሣ ማባበያውን አየሁ ብሎ ሲውጥ መንጠቆውንም ዋጠ ይላል። ይህ ማታለል አይሆንምን ለሚለውም መልስ አለው፤ መርዘኛም ሐኪምም መድኃኒትን ከምግብ ጋር ይቀላቅላሉ፣ የሚለያዩት በሐሳባቸው ነው ይላል። በነገሩ የተጠቀሰው አታላዩ ራሱ መታለሉ ስለሆነ ይህን ምሳሌ አንሥቶ በወንድም ላይ መንጠቆ መደበቅን ማጽደቅ የሚቻል አይመስለንም። ወንድማችን ሞት አይደለምና።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ሌሊቱን ምንም ያልያዙት ደቀ መዛሙርት 153 ዓሣ ይዘው ወደ ምድር ሲወጡ፣ ፍሙ ነዶ፣ ዓሣ በላዩ፣ እንጀራም ቀርቦ አገኙ። ጌታ ምግብ አዘጋጅቶ ጠራቸው። ያ ምግብ ግን በመንጠቆ ላይ አልነበረም። በፍም ላይ፣ በግልጥ፣ ሁሉ በሚያየው ስፍራ ነበረ። ከበሉ በኋላ ጴጥሮስ ምን እንደሚጠየቅ በግልጥ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜም። ሻይና ዳቦው እንዲህ ከሆነ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ «የሽርሽር ጉዞ» ብለን ጠርተን አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ የአባልነት ቅጽ ስናወጣ ነው። እንዲህ የተጠራ ሰው አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሊጡን ቆንጥሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የወጣቶች ክፍል በመጨረሻ የተስማማበትን እነሆ። ከመካከላችን በዩኒቨርሲቲ የምንማረው በዕረፍት ጊዜያችን ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ ጥናት እናስጠናለን፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ጥናቱ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ይዘጋል፤ ይህም ከወዲሁ ለሚመጡት ሁሉ ይነገራል። የመዝሙርም ሆነ የትምህርት ክፍል አባል መሆን ግዴታ አይደለም። ከሁለት እኅቶች የሚፈላው ሻይ ለሁሉም ነው። በጥናቱ መካከል ስለ ጉዞ ወሬ የሚሰማ ወይም «ደላላ አነጋገረኝ» የሚል ካለ፣ አስጠኚው ሳይቆጣና ሳይሰብክ እንዲያዳምጥ፣ ከጉዞ የተመለሱ ወንድሞች እንዲያነጋግሩት ቢፈልግም እንዲያገናኘው ተወስኗል። የሚመጣ ሁሉ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።